በአንድ ቁልፍ የተገዛ መኪና፦ ቅጂው በር እየከፈተ ሞተር ለምን አያስነሳም?

አንድ የጅማ ነዋሪ የሚከተለውን ጥያቄ ልከዋል፦ «እ.ኤ.አ. በ2008 የተሠራ፣ ከአውሮፓ የገባ ቶዮታ ያሪስ በቅርቡ ከግለሰብ ገዛሁ። ሻጩ የሰጠኝ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ድሮ ጠፍቷል አለኝ። ቁልፍ ቀራጭ ጋር ወስጄ ሌላ አስቀረጽኩ። አዲሱ ቁልፍ በሩን ይከፍታል፣ ማስነሻው ውስጥ ገብቶም ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ መቀየር አለበት አለኝ። ሌላው ሲስተሙን ቆርጬ በማንኛውም ቁልፍ እንዲነሳ ላድርግልህ አለኝ። ሦስተኛው አዲስ አበባ ውሰደው አለኝ። የማንን ልስማ? ጠፋ የተባለው ቁልፍስ ያሰጋኛል? ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ቁልፍ ሳይገባ ቁልፉን ኪስ ውስጥ አድርጎ በአዝራር የሚነሳ መኪና ሊገዛ አስቧል፤ እሱ የተሻለ ነው?»

እንደ አገላለጽዎ ከሆነ መኪናዎ አልተበላሸም። ቀራጩም ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል፤ ብረቱ በር ከከፈተና ማስነሻው ውስጥ ከዞረ ከብረት የሚጠበቀው ይኸው ነው። ሞተሩ ያልተነሳው መኪናው ከብረቱ ጥርስ በተጨማሪ በቁልፉ እጀታ ውስጥ መኖር ያለበትን ቺፕ ስለሚጠይቅና አዲሱ ቁልፍዎ ይህ ቺፕ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር የሚያስቀይር ምክንያት አይታየኝም፤ ሲስተሙን ማስቆረጥን በፍጹም አልመክርም፤ አዲስ አበባ መሄድም ግዴታ ላይሆን ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ በእጅዎ ያለውን አንዱን ቁልፍ ይጠብቁ። እሱ እያለ ሁለተኛ ማሠራት ቀላል ሥራ ነው፤ እሱ ከጠፋ ግን ሥራው ሌላ ይሆናል፣ ዋጋውም እንዲሁ።

አሠራሩን ማወቅ ከተለያዩ ባለሙያዎች የሚሰሙትን ለመመዘን ስለሚረዳዎ ትንሽ ላብራራ። በዋናው ቁልፍ የፕላስቲክ እጀታ ውስጥ ከገብስ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ ባትሪ የሌላት ቺፕ አለች። በማስነሻው ዙሪያ፣ ከመሪው ሥር ባለው የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ደግሞ ከቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ቀለበት አለ፤ ይህ አንቴና ነው። ቁልፉን አስገብተው ሲያዞሩ ቀለበቱ በ125 ወይም በ134 ኪሎ ኸርትዝ አካባቢ ባለ ዝቅተኛ ሞገድ ቺፗን ኃይል ይመግባታል፤ ቺፗም በዚያው ኃይል ነቅታ መልስ ትሰጣለች። ኢሞቢላይዘር የምንለው ክፍል መልሱን ከተመዘገበለት ጋር ያመሳክርና ትክክል ከሆነ ብቻ ነዳጅ እንዲረጭና ካንዴላ እንዲተኩስ ይፈቅዳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የእርስዎ ቅጂ የሚያዞረው ብረት ስላለው ሞተሪኖው ሊዞር ይችላል፤ ነዳጁና እሳቱ ግን አልተፈቀደላቸውም። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ሞተሩ ነሳ ይልና ከአንድ ሁለት ሴኮንድ በኋላ ይጠፋል፤ ምክንያቱ ያው ነው።

ይህን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ዳሽቦርዱ ላይ የመኪና ወይም የቁልፍ ምስል ያለባት ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ መኪናው ቆሞ ቁልፉ ሲወጣ ብልጭ ድርግም ትላለች። ዋናውን ቁልፍ ሲያስገቡ መብራቷ ትጠፋለች፤ መኪናው አወቀው ማለት ነው። ቅጂውን ሲያስገቡ ግን ብልጭታው ይቀጥላል። ከዚያ ቅጂውን ማስነሻው ውስጥ እንዳለ ትተው የዋናውን ቁልፍ እጀታ ከቅጂው እጀታ ጋር አጥብቀው አስጠግተው ያስነሱ። ሞተሩ ከተነሳ ነገሩ ተረጋገጠ፤ አንቴናው ያነበበው አጠገቡ ያለችውን የዋናውን ቁልፍ ቺፕ ነው። ይህ ሙከራ ምንም አይጎዳም፣ አንድ ብርም አያስወጣም፤ ኮምፒውተር ይቀየር ላለዎት ባለሙያ ፊት ቢያደርጉትም ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ከጥያቄዎ በመጠኑ ወጣ የሚል፣ ግን ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር ላንሳ። የቁልፍ እጀታ ሲሰበር ወይም ሲያረጅ ገበያ ወስዶ አዲስ ሽፋን ማስገጠም የተለመደ ነው። ሽፋኑን የሚቀይረው ልጅ ብረቱንና የሪሞቱን ሰሌዳ ወደ አዲሱ ያዛውራል፤ ቺፗ ግን በብዙ ሞዴሎች ከሪሞቱ ሰሌዳ ጋር ሳትያያዝ ለብቻዋ በአሮጌው ፕላስቲክ ጥግ ተሰክታ የምትቀመጥ ስለሆነች አሮጌው ሽፋን ሲጣል አብራ ትጣላለች። ባለቤቱ ወደ መኪናው ተመልሶ ሪሞቱ በር ሲከፍትለት ደስ ይለዋል፤ ሞተሩ አልነሳ ሲለው ነዳጅ ፖምፓ ተቃጠለ ብሎ ጋራዥ ይጠራል። ሽፋን ሲያስቀይሩ አሮጌውን ሳይጥሉ ይዘውት ይምጡ፤ መኪናው መነሳቱን ሳያዩም ከቦታው አይነሱ።

ሌላው ግራ የሚያጋባው በኋላ የተገጠመ አላርም ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ መኪኖች ከፋብሪካው ኢሞቢላይዘር በላይ በጋራዥ የተገጠመ ሌላ አላርም ተጨምሮባቸዋል፤ ይህ አላርም የማስነሻውን ወይም የነዳጅ ፖምፓውን ሽቦ በሪሌይ የሚቆርጥ ሲሆን ሲያረጅ እሱ ራሱ መኪና ያቆማል። የእርስዎ መኪና በዋናው ቁልፍ ሁልጊዜ የሚነሳ ከሆነ ይህ አያሳስብዎትም። በዋናው ቁልፍም አንዳንዴ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ቁልፍ ከማሠራትዎ በፊት ያ አላርም መፈተሽ አለበት። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ቪትዞች (ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ያሪሶች) ላይ ደግሞ መሪው ሲዛወር የተቀጠሉ ሽቦዎችን ማየት ተገቢ ነው፤ በቴፕ ብቻ የታሰረ ቅጥያ እርጥበት ሲገባው ምልክት ያቋርጣል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ ለእርጥበት አይሰስትም።

ወደ ሦስቱ ምክሮች እንመለስ። «ኮምፒውተሩ ይቀየር» የሚለው ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተሠሩ የመጀመሪያዎቹ ቺፕ ያላቸው ቶዮታዎች ላይ ዋና ቁልፍና ረዳት ቁልፍ የሚባል ልዩነት ነበር፤ ሁለቱም ሞተር ያስነሳሉ፣ አዲስ ቁልፍ ለመኪናው ማስተዋወቅ የሚችለው ግን ዋናው ብቻ ነው። ዋናዎቹ ሁሉ ከጠፉ በመመርመሪያ ማሽን ገብቶ ማስተካከል ስለማይቻል ወኪሎች ኮምፒውተሩን በአዲስ ይተኩ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ባለሙያዎች ኮምፒውተሩን ፈትተው፣ ቁልፎቹ የተመዘገቡባትን ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ አንብበው እንደገና መጻፍ ቻሉ። ስለዚህ ለእነዚያም ቢሆን መቀየር የመጨረሻ አማራጭ ነው። የእርስዎ መኪና ከዚያ ትውልድ በኋላ የመጣ፣ የሚሠራ ቁልፍም ያለው ስለሆነ ይህ ምክር አይመለከትዎትም። ሰውየው ሊያታልልዎ አስቦ ነው አልልም፤ ምናልባት የሚያውቀው የድሮውን ሊሆን ይችላል።

«ሲስተሙን ልቁረጥልህ» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። በተግባር ሁለት ዓይነት ይሠራል። አንደኛው በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን መረጃ ቀይሮ የቁልፍ ጥያቄውን ጨርሶ ማጥፋት ነው። ሁለተኛው የበለጠ ተራ ነው፦ አንድ የተመዘገበች ቺፕ ከአንቴናው አጠገብ በመሪው ሽፋን ውስጥ በቴፕ ይታሰርና መኪናው ሁልጊዜ ትክክለኛ ቁልፍ የገባ ይመስለዋል። በሁለቱም መንገድ ከዚያ በኋላ መኪናውን የሚጠብቀው ብረቱ ብቻ ይሆናል፤ የያሪስን የመሰለ ተራ ጥርስ ያለው ብረት ደግሞ ለሌባ እንቅፋት አይደለም። በተለይ ሁለተኛው መንገድ በእርስዎ ሁኔታ ላይ ተጨማሪ ጉዳት አለው፤ የምትታሰረው ቺፕ ከብቸኛው ዋና ቁልፍዎ የምትወጣ ከሆነ ያለዎትንም አጡ ማለት ነው። መኪናውን ለመሸጥ ሲፈልጉም አዋቂ ገዢ ያችን ቀይ መብራት አይቶ ይጠይቅዎታል።

ኢሞቢላይዘር ምን ያህል እንደሚጠቅም የታየው ሲኖር ብቻ ሳይሆን ሲጎድልም ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1998 ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ እንዲኖራቸው አስገደደ፤ አውስትራሊያ በ2001፣ ካናዳ በ2007 ተከተሉ። በኔዘርላንድስ በተደረገ ጥናት ሕጉ የመኪና ስርቆትን በ40 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ ተገምቷል። አሜሪካ ግን አላስገደደችም፤ በዚህም ምክንያት እዚያ የተሸጡ ብዙ የኪያና የሂዩንዳይ መኪኖች ያለ ኢሞቢላይዘር ወጡ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ወጣቶች የመሪውን ሽፋን ገንጥለው በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ እያዞሩ ሲያስነሷቸው በማኅበራዊ ሚዲያ ታየ፤ ስርቆቱም ብዙ ከተሞችን አጥለቀለቀ፤ አምራቾቹ በ2023 የሶፍትዌር ማስተካከያ ለማውጣት ተገደዱ። የእርስዎ መኪና ከአውሮፓ መምጣቱ ያተረፈልዎት አንዱ ነገር ይህ መሣሪያ ነው፤ ገንዘብ ከፍለው አያስጠፉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሁለተኛ ቁልፍ የሚሠራባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ ከውጭ ሲታዩ ውጤታቸው አንድ ይመስላል፣ ሁለቱም መኪና ያስነሳሉና። አንደኛው የዋናውን ቁልፍ ቺፕ መገልበጥ ነው። ባለሙያው ቁልፍዎን በትንሽ መሣሪያ ያነበዋል፤ የቺፑ ዓይነት የሚጠይቅ ከሆነም ቁልፉ ከመኪናው ጋር የሚለዋወጠውን ምልክት አንቴናው አጠገብ ይቀዳና ምስጢሩን ያሰላል፤ ከዚያ ተመሳሳዩን በባዶ ቺፕ ላይ ይጽፋል። መኪናው ሁለቱን ቁልፎች እንደ አንድ ቁልፍ ነው የሚያያቸው። ሁለተኛው መንገድ ማስመዝገብ ነው። አዲስ ቺፕ የራሱን መለያ ይዞ ይመጣና በመመርመሪያ ማሽን ወይም ለአንዳንድ ሞዴሎች በተወሰነ የቁልፍና የበር ቅደም ተከተል መኪናው ማስታወሻ ውስጥ እንደ አዲስ አባል ይገባል።

መገልበጥ ፈጣን ነው፤ የመኪናውን ኮምፒውተር አይነካም፣ ማሽኑም ርካሽ ስለሆነ በብዙ ቦታ ይገኛል። ሁለት ጉድለት ግን አለበት። ጠፋ የተባለውን ቁልፍ አያጠፋውም። ከዚህም ሌላ አንድ ቀን ዋናው ቁልፍ ጠፍቶ ከመኪናው መዝገብ ቢያስሰርዙት ቅጂውም አብሮት ይሞታል፤ ለመኪናው አንድ ናቸውና። እርስዎ ደግሞ ጠፋ የተባለ፣ የት እንዳለ የማይታወቅ ቁልፍ ስላለብዎት ለእርስዎ የምመክረው ማስመዝገብን ነው፤ እሱም የነበሩትን ቁልፎች ሁሉ ሰርዞ በእጅዎ ያሉትን ብቻ እንደገና ማስገባት። ይህን ለባለሙያው በግልጽ ይንገሩት፤ «ቁልፍ ጨምርልኝ» ካሉት የሚጨምርልዎ ቁልፍ ብቻ ነው፣ የድሮው እዚያው ይቆያል። ሲጨርስ ማሽኑ ስንት ቁልፍ ተመዝግቧል እንደሚል ያሳይዎ፤ በእጅዎ ሁለት ካሉ ቁጥሩም ሁለት መሆን አለበት። የዚህ ዓይነት ማሽኖች አብዛኞቹ ይህን ያሳያሉ።

ይህ የመሰረዝ ሥራ ግን የሚመለከተው ሞተሩን ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። የጠፋው ቁልፍ ብረት አሁንም በርዎን ይከፍታል፤ ሪሞት የነበረው ከሆነም ሪሞቱ ለብቻው ካልተሰረዘ ያው ነው። ሻጩ ያሉትን መጠራጠር አስፈላጊ አይደለም፤ መኪናው ከእሳቸው በፊት በሌሎች እጅ አልፎ ሊሆን ስለሚችል እሳቸውም የማያውቁት ቁልፍ ሊኖር ይችላል። የቡና ገንዘብ ወይም ሰነድ መኪና ውስጥ የማሳደር ልማድ ካለዎት የበሮቹን መቆለፊያ ሲሊንደር ማስቀየር ወይም ውስጡን ማስለወጥ ይገባዎታል። መኪናውን የሚያሳድሩት ግቢ ውስጥ ከሆነና ውስጡ ምንም የማይተዉ ከሆነ ግን ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ከሻጩ ጋር የስም ዝውውሩ ገና ካላለቀ በውሉ ላይ ስንት ቁልፍ እንደተረከቡ ይጻፍ፤ ሊብሬና የሰሌዳ ቁጥር ሲጻፍ ቁልፍ የማይጻፍበት ምክንያት የለም።

ጅማ ወይስ አዲስ አበባ ለሚለው፣ የሚወስነው ቦታው ሳይሆን ባለሙያው ያለው ማሽንና መኪናዎን የሚያውቅበት መጠን ነው። ከመሄድዎ በፊት በስልክ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የዚህን ዓመት ያሪስ ቺፕ ይሠራል ወይ፣ የሚሠራው በመገልበጥ ነው ወይስ በማስመዝገብ፣ የድሮ ቁልፎችን መሰረዝስ ይችላል ወይ። አንድም ግልጽ መልስ የማይሰጥ ሰው ጋር መኪናዎን አይውሰዱ። ከተማው ውስጥ የሚያረካ መልስ ካላገኙ አዲስ አበባ ይሂዱ፤ በራስዎ ቁልፍ እየነዱ መሄድ የሚችሉት ግን አሁን ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ፣ የጊቤን ሸለቆ ቁልቁለትና ዳገት ጨምሮ፣ መኪናውን በሌላ መኪና ላይ አስጭኖ መጓዝ ምን እንደሚያስከፍል እርስዎም ያውቁታል። ሌላው አማራጭ ባለሙያው ማሽኑን ይዞ ወደ ጅማ እንዲመጣ ማድረግ ነው፤ ሁለት ሦስት ባለ መኪኖች ተባብረው ቢጠሩት የጉዞ ወጪው ይከፋፈላል።

የትም ቢያሠሩ ሊብሬዎንና መታወቂያዎን ይዘው ይሂዱ፤ መኪናው በስምዎ ገና ካልዞረ የሽያጭ ውሉን ወይም ውክልናውን ይጨምሩ። የማይጠይቅ ባለሙያ ቢያጋጥምዎ እንደ ቅንነት አይቁጠሩለት፤ ለእርስዎ ሳይጠይቅ የሚሠራ ለማንም ሳይጠይቅ ይሠራል። የመኪናው ባትሪ ደካማ ከሆነ አስቀድመው ያስሞሉት፤ ምዝገባው በመካከል ኃይል ቢያጣ ኮምፒውተሩ ግማሽ መረጃ ይዞ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ «ኮምፒውተር ይቀየር» የሚለው ቀልድ መሆኑ ይቀራል። ቁልፍ ሁሉ ጠፍቶ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ ብዙ ቶዮታዎች መዝገባቸውን ከመክፈታቸው በፊት 16 ደቂቃ ያህል ስለሚያስጠብቁ ባትሪውን ከቻርጀር ጋር አያይዞ መሥራት ግድ ነው።

ስለ ብረቱም አንድ ቃል። ያስቀረጹት ቅጂ የተቀረጸው ከአንድ ዓመት አገልግሎት ካለው ቁልፍ አይደለም፤ ከአሥር ዓመት በላይ ካገለገለና ጥርሱ ከተበላ ቁልፍ ነው። ቀራጩ ጥርሱን ሲከተል መበላቱንም ይከተላል፣ በዚያ ላይ የራሱ ማሽን ጥቂት ይጨምርበታል። ሁለተኛውን ከቅጂው ካስቀረጹ ስህተቱ ይደራረብና አንድ ቀን ማስነሻው ውስጥ ገብቶ አልዞር ይላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከዋናው ያስቀርጹ። የቶዮታ ቁልፎች አዲስ ሲሆኑ ቁጥር የታተመባት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አብራቸው ትመጣለች፤ በዚያ ቁጥር ማሽን ያለው ቀራጭ በፋብሪካው ልክ መቅረጽ ይችላል። ሻጩ ምናልባት ከመመሪያ መጽሐፉ ጋር መሳቢያ ውስጥ ትቷት ሊሆን ስለሚችል የመኪናውን መሳቢያ ይፈትሹ። ካገኟት ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ከቁልፉ ጋር ግን አያንጠልጥሏት። ባዶው ቁልፍ የተሠራበት ብረት ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ማስነሻው ውስጥ ይሰበራል፤ ጥቂት ብር ጨምረው ጠንካራውን ይምረጡ።

ሪሞት ያለው ቁልፍ ከፈለጉ ሪሞትና ቺፕ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አይርሱ። ሪሞቱ በር የሚከፍት የሬዲዮ ማሰራጫ ሲሆን በባትሪ ይሠራል፤ ባትሪው ቢያልቅ ሞተሩ አሁንም ይነሳል። ለአውሮፓ የተሠሩ መኪኖች በአብዛኛው 433 ሜጋ ኸርትዝ፣ ለጃፓንና ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ደግሞ 315 አካባቢ ይጠቀማሉ። ገበያ ላይ ያለው ሪሞት መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ ሞገዱ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ የቪትዝ ሪሞት ገዝተው ያሪስዎ ቢያሳፍርዎ ጥፋቱ የባለሙያው አይደለም።

የወንድምዎ ጉዳይ በጥቂቱ ይለያል። በአዝራር የሚነሳ መኪና ቁልፉን በሩቁ ስለሚፈልግና ቁልፉም በሬዲዮ ስለሚመልስ ምቹ ነው። የምስጢር ስሌቱም በአዳዲሶቹ ላይ ጠንካራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ተመራማሪዎች 40 ቢት ርዝመት ባለው የምስጢር ቁጥር የሚሠራውን የድሮ ቺፕ ሰብረው ካሳዩ በኋላ አምራቾች ወደ 80 እና ወደ 128 ቢት ተሻግረዋል። ሌባው ግን ስሌቱን መስበር አያስፈልገውም። አንዱ መሣሪያ ይዞ ቁልፉ ወዳለበት ቤት ግድግዳ ይጠጋል፣ ሌላው መኪናው አጠገብ ይቆማል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ምልክቱን እየተቀባበሉ ሲያስተላልፉ መኪናው ባለቤቱ አጠገቡ የቆመ ይመስለውና ይከፈታል፣ ይነሳል። የዙሪክ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2011 በአሥር የመኪና ሞዴሎች ላይ አሳይተዋል፤ በአውሮፓም የታወቀ የስርቆት ዘዴ ሆኗል። መከላከያው ከባድ አይደለም፦ ማታ ቁልፉን መስኮት ወይም በር ሥር አለማስቀመጥ፣ ክዳኑ የሚገጥም የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ማኖርና ቆርቆሮውን ይዞ መኪናው አጠገብ ሄዶ በሩ እንደማይከፈት መሞከር በቂ ነው።

እኔ ወንድምዎን የምመክረው ግን ከሌባው በፊት ስለ ቁልፉ ቁጥር እንዲያስብ ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና ሁለቱንም ቁልፎች ይዞ ካልቀረበ ዋጋው ላይ ይደራደር፤ የዚህ ቁልፍ ዋጋ ከእርስዎ ቁልፍ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም፣ ሁሉም ከጠፋ ሥራውም እጅግ ይወሳሰባል። ሁለቱንም ቁልፍ አንድ በአንድ፣ ሌላውን ራቅ አድርጎ፣ ይሞክር። የአንዱ ባትሪ ያለቀ ከሆነ ደግሞ እንዳይደነግጥ፤ በቶዮታ ፍሬን ረግጦ የቁልፉን ገጽ አዝራሩ ላይ በማስጠጋት ማስነሳት ይቻላል፣ እዚያ ውስጥም ባትሪ የማትፈልገው ቺፕ አለችና። በር የሚከፍተው ብረትም እጀታው ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ በካርድና በስልክ ጭምር ይከፈታሉ። ያገለገለ ከሆነ የሚገዛው፣ የቀድሞው ባለቤት ስልክ ከመኪናው መለያየቱን እዚያው ቆሞ ያረጋግጥ፤ ያ ስልክ ከተመዘገበ ሁለተኛ ቁልፍ ምንም አይተናነስም።

መኪናዎን ላቫጆ ወይም ጋራዥ ሲሰጡ አንድ ጥንቃቄ ይጨምሩ። ከላይ እንደገለጽኩት ቁልፍ በእጁ የገባ ሰው ቺፗን ለመገልበጥ ረጅም ጊዜ አያስፈልገውም። ሠራተኛውን ሁሉ መጠርጠር አይገባም፤ ነገር ግን ቁልፉን ከቤት ቁልፎችዎ ለይተው ይስጡ፣ ለብዙ ሰዓት ትተው አይሂዱ፣ መኪናውን ማንቀሳቀስ ካላስፈለገም ከፍተው ቁልፉን ይዘው ይቆዩ። ያስቀረጹት ቺፕ አልባ ቅጂ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ በር ይከፍታል፣ ሞተር አያስነሳም፤ ውስጡን ለሚያጸዳ ሰው የሚሰጠው እሱ ነው። ስለዚህ እንዳይጥሉት፤ ቺፕ የሚቀበል እጀታ ያለው ከሆነ ደግሞ ባለሙያው ቺፕ ጨምሮበት ራሱን ሁለተኛ ቁልፍ ሊያደርገው ይችላል። ለምዝገባው ሲሄዱ ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ፤ ቤት የቀረ ቁልፍ ሌሎቹ ሲሰረዙ አብሮ ይሰረዛልና።